ዳባ የለበሰ ጆሮ

እናኑ ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምትሰማው በሰው ሚስት ላይ የወረደ ስድብ ነው።

ዛሬም ጓንቷን አጠለቀችና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ከፊቷ ከተደረደሩት ብልቃጦች የመጀመሪያውን አነሳች። ብልቃጡ ውስጥ የምስር ክክ የምታህል ግራጫ ነገር ተኝታለች። መሣሪያው ላይ ሰካቻትና ቁልፉን ተጫነች።

«አንቺ የማትረቢ! ውሃ እንኳ ማፍላት ያቃተሽ!» አለ የማታውቀው ወንድ።

የእናኑ ፊት አልተለወጠም። ወደኋላ መልሳ ደግማ ሰማችው። የሰውየው ድምፅ ታፍኗል፤ ጉንፋን ይዞት ሰንብቷል ማለት ነው። ለዚህ ነው ደንበኛዋ «ግማሽ ግማሹ ያመልጣል» ብላ የመጣችው። እናኑ ግራጫዋን ነገር የጉንፋኑን ድምፅ እንድትለይ አስተማረቻትና ወደሚቀጥለው ብልቃጥ አለፈች።

ከአፋር ፀሐይ ለመከለል መላዋ በአንድ ጣራ በተሸፈነችው በጥላ ከተማ ይህቺን የምስር ክክ የማያውቃት የለም። የፋብሪካ ስሟ ረጅምና አፍ የሚያደናቅፍ ስለሆነ ሕዝቡ «ዳባ» አላት፤ «ጆሮ ዳባ ልበስ» ከሚለው ከጥንቱ አባባል ወስዶ። ጆሮ ውስጥ ትገባለች፤ ክፉ ቃል ሲመጣ በር ላይ ትይዝና በዚያው ሰው ድምፅ ደግ ቃል ታስገባለች። ባል «ደደብ» ይላል፤ ሚስት «ሆዴ» ትሰማለች። የተያዘው ስድብ ግን በኖ አይጠፋም፤ ከዳባዋ ሥር ይዘቅጣል። የሙያው ሰዎች «አተላ» ይሉታል። አተላው በየጊዜው ካልተጠለለ ዳባዋ ትደፈናለች። ይህን የምትሠራ ሴት «አጥላይ» ትባላለች፤ እናኑም አጥላይ ናት።

ደጉ ቃልስ ከየት ይመጣል? ከባልየው ነው እንጂ ከየት ይመጣል! ዳባ ስትገጠም ባል ቀርቦ ጥቂት ጥሩ ጥሩ ነገር እንዲናገር ይጠየቃል። አብዛኞቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ላብ ያጠምቃቸዋል። አንዳንዱም «ምን ልበላት?» ብሎ አጥላይዋን ያማክራል። ነገሩ አልሆን ሲል የሠርግ ቪዲዮ ይመጣና ከዚያ ይቀዳል።

የእናኑም ዳባ ከሠርግ ቪዲዮ የተቀዳች ናት። ስለዚህ ባሏ ጌትነት ላለፉት ስድስት ዓመታት «ዛሬ እንዴት አምሮብሻል»፣ «የኔ ዓለም» እና «ኬኩን አብረን እንቁረሰው» ከሚሉት ቃላት ብዙም ርቆ አያውቅም። ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ጠረጴዛ በሚደበድብበት ሰዓት ኬክ እንቁረስ ሲላት፣ ምን ታድርግ፣ ትስቅ ነበር።

ዳባዋን የገዙላት ሽማግሌዎች ናቸው። እናኑ ያን ጊዜ እንቅልፍም ምግብም ትታ ነበር። ጌትነት ለውጭ ሰው ማር ነው። የከተማዋን ጣራ ከሚጠግኑት አንዱ ሆኖ፣ ከጣራው በላይ በዚያ ሰው በሚቀቅል የአፋር ፀሐይ ሲጠበስ ይውልና ምሬቱን ሁሉ አጠራቅሞ ቤት ሲገባ እሷ ላይ ይደፋዋል። ሽማግሌ ተላከ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ወንድይፍራው ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው ጠየቋት።

«ልጄ፣ እጁን አንስቶብሽ ያውቃል?»

«አያውቅም አባባ።»

«ሌላ ሴት ይዟል?»

«ኧረ አልያዘም።»

«ታዲያ ቃል ነዋ! ቃል ምን አለው፣ ነፋስ ነው። አንቺ ካልሰማሽው ከማን ጋር ይጣላል? ዳባ እናለብስሻለን፤ ትዳርሽን ይዘሽ ትቀመጪያለሽ።»

ሽማግሌዎቹ ከየኪሳቸው አዋጡ፣ መረቁ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ተነሱ። ለጌትነት አፍ የሚሆን መሣሪያ ይኖር እንደሆነ የጠየቀ የለም። እናኑም አልጠየቀችም፤ እንዲያውም የጋሽ ወንድይፍራውን ጉልበት ስማ አመሰገነች። በዚያው ሳምንት እንቅልፏ ተመለሰ። ዳባዋን እንደ ታቦት እያከበረች ኖራ በመጨረሻ ሙያውን ራሱን ተማረችው።

አሁን የምትፈራው ለራሷ አይደለም፤ ለልጇ ለናርዶስ ነው።

ናርዶስ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ድሮ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማት ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከ«እሺ» በቀር ቃል አይወጣትም። እናኑ ስትጠራት ትከሻዋ ይሰበሰባል። እናቷ ወደ ክፍሏ ስትገባ የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ ቆማ ትጠብቃለች። በዚህ ሳምንት ደግሞ አስተማሪዋ እናኑን አስጠርታ አንድ ነገር ነገረቻት፦ ልጅቷ ከከተማ ውጭ ካሉት ሁለት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ እንድትላክ በራሷ እጅ አመልክታለች። የትኛውን እንደምትመርጥ ስትጠየቅም «የሚርቀውን» ብላለች፤ ሰኞ እንድትገባም ተፈቅዶላታል።

ምክንያቱ ለእናኑ ግልጽ ነበር። አባቷ ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል? «እኔ ለብሻለሁ፣ ልጄ ግን ራቁቷን ናት» ብላ አለቀሰች። ለልጅ ዳባ ማልበስ በከተማዋ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ልጅ ክፉውን ሳይሰማ ደጉን አይለይም ይላል ደንቡ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እራት ሰዓት ላይ ጌትነት ቤት ተቀምጠው አያውቁም። እናኑ ቆረጠች፤ ልጇን ከማጣት ደንቡን መጣስ ይሻላል።

ቅዳሜ ሥራ ቀትር ላይ ያበቃል። ባልደረቦቿ ሲወጡ እናኑ «አንድ የቀረኝ አለ» ብላ ቀረች። ከውስጠኛው ክፍል የአጥላዮቹ ኃላፊ እትዬ ፈትለወርቅ ብልቃጥ ሲያጥቡ ይሰማል። እናኑ ለመጣል ከተቀመጡት አሮጌ ዳባዎች አንዲት ደህናና አነስ ያለች መርጣ ጠረገቻት። የቀረው የጌትነትን ክፉ ድምፅ ማስተማር ነው። ድምፁ ያለው ደግሞ በራሷ ጆሮ ውስጥ ነው።

አጥላይ የራሷን አተላ አታጠልም፤ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ነው። የእናኑን የሚያጠሉላት እትዬ ፈትለወርቅ ነበሩ። እናኑ በሩን አየት አድርጋ ዳባዋን ከጆሮዋ አወጣችና መሣሪያው ላይ ሰካቻት።

«ዝፍዝፍ!» አለ ጌትነት። «አንቺን ብሎ ሚስት! ሬሳ አግብቼ!»

ቀኑን ሙሉ የሰው ስድብ ስትሰማ ፊቷ የማይለወጠው እናኑ ቁልፉን ተጭና አቋረጠችው፤ ከዚያ እንደገና ከፈተችው። ያስደነገጣት ጩኸቱ አልነበረም። አብዛኛው ጩኸት እንኳ የለውም። ጨው አቀብዪኝ እንደሚል፣ እንደ ዘበት፣ በሞቀ ድምፅ የተባለ ነው። ጥርሷን ነክሳ ከራሷ ዳባ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ትንሿ ዳባ ገለበጠች።

ሥራው አልቆ ልትነሳ ስትል የመሣሪያው መስኮት ላይ ያለው ሁለተኛው ምልክት ዓይኗን ያዘው። እያንዳንዷ ዳባ ከዋናው አተላ ሌላ «የገደል ማሚቶ» የሚባል ትንሽ ጥርቅም አላት። ድምፅ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ የሚፈጠር እንቶ ፈንቶ ነው ተብለው ስለተማሩ አጥላዮች ሳይሰሙት ይደፉታል። የእናኑ የገደል ማሚቶ ግን ከዋናው አተላ እኩል ሞልቷል። ይህን ያህል ሞልቶ አይታ አታውቅም። ዳባዋ ተበላሽታ ከሆነ ብልሽቱ ወደ ልጇም ዳባ ተገልብጧል ማለት ነው። ስለዚህ ከፈተችው።

«ዝፍዝፍ!» አለች አንዲት ሴት። «አንቺን ብሎ ልጅ! ምነው አንቺን ከምወልድ ድንጋይ በወለድኩ!»

እናኑ ደሟ ፈላ። የማን ድምፅ ነው? ቤቷ ገብታ ልጇን እንዲህ የምትሰድብ ይቺ ማን ናት? የጌትነት እህት ትሆን? ጎረቤት? ቀጥላ ሰማች። ሴትየዋ ስለ ጫማ፣ ስለ ፈሰሰ ወተት፣ ስለ ፀጉር ትሳደባለች። የምትሳደብበት ቃል አንድም የራሷ የለም፤ ሁሉም የጌትነት ነው። ከዚያ ከሴትየዋ ድምፅ ኋላ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማዬ ይቅርታ፣ አልደግመውም።»

እናኑ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀች። የብልቃጥ እጥበቱ ቆሟል፤ እትዬ ፈትለወርቅ እጃቸውን በሽርጣቸው እያደረቁ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ከፈትሽው?» አሏት።

«እትዬ ፈትለ፣ ይሄ መሣሪያ ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም።»

«እኔ እኮ ልጄን ተናግሬያት አላውቅም! በስሟ እንኳ አልጠራትም። የኔ እንቡጥ ነው የምላት፣ ሁልጊዜ!»

«እንደዚያ ስትይ ነው የምትሰሚው፣» አሉ እትዬ ፈትለወርቅ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ዳባ ክፉ ቃል ከማን አፍ እንደወጣ አትጠይቅም ልጄ። የለበሰቻት ሴት ጆሮ እንዳይገባ መያዝ ነው ሥራዋ። አፉ የራስሽ ቢሆንም ትይዘዋለች። አንቺ የምትሰሚው ዳባሽ ስትገጠም ከድሮ ቪዲዮ የተቀዳውን፣ ናርዶስን አዝለሽ ስታባብዪ የተቀረጸውን ድምፅሽን ነው።»

እናኑ ልጇን በተቆጣች ቁጥር የምትሰማው ድምፅ ትዝ አላት፤ ለስላሳ፣ ዜማ ያለው፣ ሕፃን የሚያስተኛ ድምፅ። ከዚያ ሁሉ ስድብ መሀል እንዲህ ያለች ትዕግሥተኛ እናት ወጣሁ እያለች ስንት ጊዜ በልቧ ተመጻድቃለች።

«የሁሉም ሴት ዳባ ላይ አለ?»

«የሁሉም። እኔም እንዳንቺ አንድ ቀን ከፍቼ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ብዬ ልናገር? ይቺን ምስር ተደግፋ የቆመችው ሴት ብዛቷን ታውቂያለሽ። ብነግራት ታወልቃለች። ካወለቀች ያንን ትሰማለች። ከሰማች ደግሞ ወደ ሽማግሌ ትሄዳለች፤ ሽማግሌው መልሶ ወደኔ ይልካታል።» እትዬ ፈትለወርቅ ሽርጣቸውን በእጃቸው አጥፈው ፈቱት። «የኔ ልጆች አድገው ሄደዋል። ደህና ናቸው ይሉኛል ሰዎች። አይደውሉም።»

እናኑ ትንሿን ዳባ በመዳፏ ጨብጣ፣ የራሷን ብልቃጥ ውስጥ ትታ ወጣች።

ባዶ ጆሮ ይዞ በጥላ ከተማ መንገድ መሄድ ከባድ ነው። ፍራፍሬ መሸጫው አጠገብ አንድ ጎልማሳ ሚስቱን «ከብት» አላት፤ ሚስቱ «አንተም ኑርልኝ» ብላ ፈገግ አለች። አጠገባቸው የቆሙት ሁለት ልጆች መሬት መሬት ያያሉ። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አላየም፤ የለመደው ነገር ነው። እናኑ ቀና ብላ ጣራውን አየች። እንዲህ ያለ ፀሐይን የመከተ የሰው ልጅ፣ ከአንድ ጎልማሳ አፍ የሚወጣን ቃል ለመመከት ያገኘው ብልሃት የሴቲቱን ጆሮ መድፈን ብቻ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገረማት፤ አሳፈራትም።

ጌትነት ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል።

«እስካሁን የት ተጎልተሽ ነው?» አላት ዞር ሳይል። «ዝፍዝፍ።»

እናኑ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ድምፁ ያረጀ ሰው ድምፅ ነው፤ መሣሪያው ላይ ይህን ልብ አላለችውም ነበር። ከጣራው አቧራ የተነሳ ጉሮሮው ሻክሯል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስታወራ የኖረችው ከሠርጉ ቀን ሙሽራ ጋር ነበር፤ ይህ ሰውዬ መቼ እንዳረጀ አላየችም።

«ጌትነት፣ እንዲህ ነበር የምትለኝ?»

አሁን ዞረ። ፈገግታዋን ሲያጣ ግራ ተጋባ።

«ዳባሽን አውልቀሽ ነው?»

«አዎ።»

«ለምንድን ነው የምታወልቂው? በሰላም በምንኖርበት ቤት ነገር ልትፈልጊ ነው? እኔ እኮ አይደርስባትም ተብሎ ስለተነገረኝ ነው እንዳመጣልኝ የምናገረው! ድሮ እንኳ ትንሽ እጠነቀቅ ነበር።» እውነትም የተበደለ ሰው መሰለ። «ሂጂ፣ መልሰሽ አድርጊው።»

እናኑ ጀርባዋን ሰጠችው። ወደ ናርዶስ ክፍል ሄደች።

ልጅቷ አልጋው ላይ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። እናቷን ስታይ የያዘችውን አስቀምጣ ቆመች። እናኑ እቅፍ ልታደርጋት ተራመደች። እግሯ ወለሉ ላይ የተተወ ካልሲ ረገጠና አፏ ሳታዘው ተከፈተ።

«ይሄን ማንሳት አቅቶሽ ነው፣ አንቺ ዝፍ...»

ሰማችው። በራሷ አፍ፣ በራሷ ድምፅ። ቃሉን ልትውጠው ሞከረች፤ ከአፍ ከወጣ ግን ወጣ። ምላሷ መንገዱን ለምዶታል። እናኑ አፏን በሁለት እጇ አፍና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ናርዶስ አልደነገጠችም። የደነቃት የእናቷ እንባ ነው።

«ዛሬ ምን ሆነሽ ነው?» አለች። ከዚያ የእናቷ መዳፍ ላይ ያለችውን ነገር አየች። ዓይኗ ሲፈካ እናኑ ከዓመት በላይ አላየችውም ነበር። «የኔ ናት?»

«ላንቺ ብዬ ነበር የሠራኋት። አሁን ግን አላደርግልሽም። ተቀመጪ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«መጀመሪያ አድርጊልኝ።»

«ናርዶስ፣ መጀመሪያ ስሚኝ፤ እኔ...»

«አልችልም!» አለች ልጅቷ፤ ድምፏ ተሰበረ። «አንቺ ልታወሪ ስትጀምሪ ሆዴ ይታመማል። ምን እንደምትዪ አላውቅም። አባዬ እንኳ ይሻላል፤ እሱ ሲሰድበኝ አይስቅም። አንቺ እየሳቅሽ ነው የምትሰድቢኝ! መጀመሪያ አድርጊልኝ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ንገሪኝ፤ እሰማሻለሁ። ካልሆነ ሰኞ እሄዳለሁ።»

እናኑ ሻንጣውን አየች። ልጇ ብትሄድ ይህን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች፤ ብትቀር ደግሞ የምትቀረው በዚህች ምስር ነው። ሌላ ሦስተኛ መንገድ ፈለገች፤ ስድስት ዓመት በድፍን ጆሮ የኖረ ጭንቅላቷ ግን አላገኘላትም። ዳባዋን በሁለት ጣቷ ያዘችና የልጇን ፀጉር ገለጥ አድርጋ አገባቻት።

ከዚያ እጇን ይዛ ጀመረች። ይቅርታ በድፍኑ አይጠየቅም ብላ ስላመነች የሰማችውን ሁሉ በስሙ ጠራችው።

«ዝፍዝፍ ብዬሻለሁ። ከአንቺ ድንጋይ ይሻላል ብዬሻለሁ። ፀጉርሽን ሳይ ያስጠላኛል ብዬሻለሁ፣ ሬሳ ብዬሻለሁ። አንዱም እውነት አይደለም። ቃሉም የኔ አይደለም፤ ግን እኔ ነኝ ያልኩት። ይቅር በይኝ።»

የናርዶስ ፊት እንደ ሕፃን ፊት ቀስ እያለ ተከፈተ። ትከሻዋ ወረደ። እናኑ ልቧ ዘለለ፤ ይቅር አለችኝ ብላ አሰበች።

«እንዴት ደስ የሚል ድምፅ አለሽ እማዬ፣» አለች ልጅቷ። «ሕፃን ሆኜ የምትዘፍኚልኝ ትዝ አለኝ።»

እናኑ ገባት፤ ልጇ የሰማችው ከራሷ ዳባ የተገለበጠውን የማባበያ ድምፅ ነው። ዳባዋ ስድቡን በሩ ላይ ይዛዋለች፤ ከስድቡ ጋር ኑዛዜውንም ይዛዋለች። ቁስሉን ሳይጠሩ ይቅርታ የለም፤ ቁስሉ ከተጠራ ደግሞ ልጇ አትሰማም። እጇን ወደ ልጇ ጆሮ ሰደደች፤ ናርዶስ ግን ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ በሁለት እጇ ወገቧን አቅፋ፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ክብደቷን ለቀቀችባት። እናኑ እጇን መለሰችው።

«እንደገና በይኝ፣» አለች ናርዶስ ዓይኗን ጨፍና።

እናኑም ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር፣ እየሰማች ደገመችላት።